ባለቤቴን ማን ያጥባት?

እኔ ይቅር አላልኩም። ይህን አስቀድሜ የምጽፈው፣ መጨረሻው ላይ ዕርቅ የሚጠብቅ ሰው ካለ ከወዲሁ ንባቡን እንዲተወው ብዬ ነው። በጉባኤያችን "እኚያ ሽማግሌ ልባቸው ደንዳና ነው" እየተባለ እንደሚወራ አውቃለሁ። ይወራ። ፊደል የቆጠርኩት በጎልማሳነቴ ስለሆነ አጻጻፌ ላያምር ይችላል፤ የሆነው ነገር ግን የሆነው ነው።

በፈረንጅ ሁለት ሺህ አሥር ግድም ነው። ጀርመን አገር፣ ግሪስሃይም የሚባል ሰፈር ባለው ቤታችን ባለቤቴ ሽንኩርት እየከተፈች ሳለ ቢላዋው ከእጇ ወደቀ። ላንሳ ብላ ጎንበስ ስትል እሷም ወደቀች። ስትሮክ ነው አሉ። ስድስት ሳምንት ሆስፒታል ተኝታ ስትወጣ ቀኝ እጇና ቀኝ እግሯ አይታዘዟትም፣ ምላሷም ተሳስሯል። ኒደርራድ በሚባል ሰፈር ቢሮ ስታጸዳ በሃያ ዓመት የለቃቀመችው ጀርመንኛ ድራሹ ጠፋ። የቀራት ጥቂት የአማርኛ ቃል ነው፣ እሱም በቀን በቀኑ ይለያያል። ልጅ የለንም። እኔ ደግሞ መጋዘን ውስጥ ሳጥን ሳነሳና ስጥል ያረጀሁ ሰው ነኝ። ጀርባዬ ለራሴም አልበቃኝም።

ከሆስፒታል ስንወጣ አንዲት ሠራተኛ የፍሌገዲንስቶች ዝርዝር ሰጠችኝ። ፍሌገዲንስት ማለት ቤት ድረስ እየመጣ በሽተኛ የሚያጥብ፣ የሚያለብስ ድርጅት ነው። "ሦስት አራቱን አነጋግር፣ ከዚያ ምረጥ" አለችኝ። ወረቀቱን አጥፌ ኪሴ ከተትኩትና እዚያው ረሳሁት።

ለምን ቢባል፣ የኛ ሰው ነበረ። የጉባኤያችን ሰው፣ ከፊት ወንበር የሚቀመጥ፣ ማይክ የሚይዝ፣ ፍሌገዲንስት የከፈተ። እሑድ ከአምልኮ በኋላ፣ በተከራየነው አዳራሽ ወንበር ስናነሳ መጥቶ ትከሻዬን አቀፈኝ።

"ጋሼ፣ እናታችንን ለባዕድ እጅ አንሰጥም። ማን ያናግራታል? ማን ይጸልይላታል? እኛ እያለን?"

ዙሪያውን የቆሙት ሁሉ ራሳቸውን ነቀነቁ። እዚያ መሐል ቆሜ "ቆይ፣ ሌሎቹንም ልይ" ብል ወንድሜን አላመንኩም ማለት ነው። ሰው ምን ይለኛል አልኩ። እዚያው እጁን ጨበጥኩ። አንድ ጫማ ስገዛ ሦስት ሱቅ የምዞር ሰው፣ ሚስቴን የሚያጥብ እጅ ወንበር እያነሳሁ መረጥኩ።

ከዚያ ከጤና መድን ድርጅቱ የምትላክ መርማሪ ትመጣለች ተባለ። ምን ያህል እርዳታ እንደሚገባት የምትወስነው እሷ ናት። ሽቱፈ ይሉታል ደረጃውን። ሽቱፈ አንድ ትንሹ ነው፣ ሦስት ትልቁ። ሰውየው "በዚያ ቀን እኔ ራሴ እገኛለሁ፣ እንዴት እንደሚባል አውቃለሁ" ብሎኝ ነበር። ቀኑ ደረሰ፣ ሰዓቱ ደረሰ፣ ሰውየው የለም። ስልኩም አይነሳም።

እኛ ያደረግነውን ልንገራችሁ። ሰው ሊመጣ ነው! ከዋዜማው ጀምሬ ወለሉን ወለወልኩ፣ መስኮቱን ወለወልኩ። የምትደገፍበትን ጋሪ በረንዳ ላይ ደበቅኩት። የምትጸዳዳበትን ወንበር አልጋ ልብስ አልብሼ ከመጋረጃ ኋላ ከተትኩት። እሷን ለሠርግ የምትለብሰውን ሰማያዊ ቀሚስ አለበስኳት፣ ፀጉሯን አበጠርኩ፣ የጆሮ ጌጧን አደረግኩላት። ኬክ ገዛሁ።

መርማሪዋ ገባች። ባለቤቴ ለእንግዳ ሳትነሳ ቀርታ አታውቅም። በግራ እጇ ጠረጴዛውን ጨብጣ፣ ከንፈሯን ነክሳ፣ ብድግ አለች! ከሆስፒታል ከወጣች እንዲያ ቆማ አላየኋትም። እኔም ኮራሁ።

"በራሷ ትለብሳለች?" አለች ሴትዮዋ በጀርመንኛ።

"እግዚአብሔር ይመስገን" አልኩ።

"ሌሊት ትቸገራለች?"

"ምንም አትልም። ጎበዝ ናት። ኬክ ይውሰዱ።"

ሴትዮዋ ኬኳን በላች፣ ጻፈች፣ ሄደች። ደብዳቤው ሲመጣ ሽቱፈ አንድ ነው። መነሳት ትችላለች፣ ራሷን ትረዳለች ይላል። እንዲህ አድርገን በገዛ ኩራታችን የራሳችንን በር ዘጋን። ይህን ጥፋት በማንም አላላክክም። ቃል ሰጥቶ የቀረውን ሰው ግን ከዚያን ቀን ጀምሮ በልቤ ያዝኩት።

መጀመሪያ የላከልን ሴት ነበረች። አገር ቤት ነርስ የነበረች፣ የሁለት ልጆች እናት። ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትመጣለች። ከሁሉ በፊት የመታጠቢያ ቤቱን በር ትዘጋለች። ውሃውን በራሷ አንጓ ላይ ትሞክራለች። ከዚያ ጎንበስ ብላ "እማዬ፣ ልጀምር?" ትላለች። ባለቤቴ "እሺ" እስክትል ድረስ አትነካትም። አንዳንድ ቀን "እሺ" ለመውጣት ብዙ ይፈጅበታል። ትጠብቃለች። እኔ ከበሩ ውጭ ቆሜ እሰማለሁ፤ አንድ ቀን ሁለቱም ሲስቁ ሰማኋቸው።

ሦስት ሳምንት እንዲህ ሆነ። በአራተኛው ሰኞ በሩን ስከፍት ወንድ ቆሟል። የአርባ ዓመት ሰው፣ ረጅም፣ ጆሮው ላይ ስልክ የሰካ።

"እሷስ?" አልኩት።

"ወደ ሌላ ቤት ተዛወረች። ከዛሬ ጀምሮ እኔ ነኝ።"

"አንተ? ባለቤቴን?"

"አባባ፣ ፕላኑ እንደዚህ ነው። እኔ ፕላን አላወጣም።"

ሰውየው በተፈጥሮው ክፉ አልነበረም። እሱም እንዳፈረ ገብቶኛል፤ ፊቱን ወደ ግድግዳ አዙሮ ነው ልብሷን የገለጠው። ያፈረ ሰው ግን ይቸኩላል። በሩን አልዘጋም። ውሃውን አልሞከረም። በስልኩ እያወራ ቀዝቃዛውን ጨርቅ ማጅራቷ ላይ ለጠፈው። ባለቤቴ በግራ እጇ ደረቷን ሸፍና ዓይኗን ጨፈነች። ሳሙናው ጀርባዋ ላይ እንዳለ ቀሚሷን በላዩ ጎትቶ አወረደውና ወረቀት አመጣልኝ።

"አባባ፣ እዚህ ጋ ይፈርሙ።"

ታጥባለች፣ ደርቃለች፣ ለብሳለች የሚል ወረቀት ነው። ፈረምኩ! በየጠዋቱ ፈረምኩ። ቤቴ የገባን ሰው "ውሸታም ነህ" ማለት አልቻልኩም።

በሁለተኛው ሳምንት አንድ ጠዋት ከእንቅልፌ ስነሳ ባለቤቴ አልጋው ላይ ተቀምጣለች። የክረምት ካፖርቷን ለብሳለች። በአንድ እጇ እንዴት ከመንጠቆው እንዳወረደችው አላውቅም። ቁልፎቹን አሳስታ፣ እስከ አንገቷ ድረስ ቆልፋዋለች። በሩን በሩን ታያለች። አንድ ሰዓት ሊሞላ ነው፤ ሰውየው የሚመጣበት ሰዓት እየደረሰ ነው።

ያን ቀን በሩን አልከፈትኩለትም። ደወለ፣ ደወለ፣ ሄደ። እኔም ጃኬቴን ለብሼ ኒደርራድ ወረድኩ።

የድርጅቱ ቢሮ የመስታወት ሕንጻ ውስጥ ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለቤቴ ሃያ ዓመት መጸዳጃውን ያጠበችበት ሕንጻ ቆሟል። ድርጅቱን የከፈተው ሰውዬ ተነስቶ ሊያቅፈኝ እጁን ዘረጋ። እኔ እጄን ከኪሴ አላወጣሁም።

"ሴቲቱን መልስ" አልኩት።

"ጋሼ፣ እሷ መድኑ ብዙ ደቂቃ ለሚከፍልላቸው ነው የተመደበችው። የእናታችን ሽቱፈ ትንሽ ነው።"

"ወንድ አያጥባትም።"

"ልጇ ማለት እኮ ነው! በጌታ ቤት ነውር የለም። ደሞስ…" አለና ጠረጴዛው ላይ ዘና ብሎ ተደገፈ፤ "ደሞስ ለመርማሪዋ 'ደህና ነን፣ ኬክ ይውሰዱ' ያላችሁት እናንተ ናችሁ። ታሪኩን ሰምቼ እንዴት እንደሳቅኩ!"

ሳቀ። እዚያው ፊቴ ሳቀ። የሳቀባትን ጥርሱን አንድ በአንድ አይቼ ወጣሁ።

በዚያው እሑድ ማይክ ያዘና ጸለየ። "ጌታ ሆይ፣ በመካከላችን ቁጣ የገባባቸውን አንድ አባት አስብ። የሚረዳቸውን እጅ ይገፋሉና ልባቸውን አለስልስ።" ስም አልጠራም። ምን ስም ያስፈልጋል? አዳራሹ ሁሉ አንገቱን አዙሮ አየኝ። "አሜን!" አሉ። ባለቤቴም በተሽከርካሪ ወንበሯ ላይ ሆና አብራ "አሜን" አለች። አሜን አልጠፋትም ነበር። የተጸለየው በእሷ ላይ መሆኑን አላወቀችም። እኔ ለእሷም ጭምር ሰምቼ ያዝኩት።

ውል የሚፈርሰው በጽሑፍ ነው አሉኝ። በራሴ እጅ፣ በራሴ የተንጋደደ ጀርመንኛ ጻፍኩ። "ከእንግዲህ ቤቴ አትምጡ። ሚስቴን አትንኩ።" ማንንም አርምልኝ አላልኩም።

ከዚያ ለጥቂት ሳምንት ራሴ አጠብኳት። አርባ ዓመት አብረን ኖረን እንደዚያ አይቻት አላውቅም። እሷም እንዲያ እንዳያት አልፈለገችም፤ ፊቷን ታዞራለች። አንድ ቀን ከወንበሩ ሳነሳት ጀርባዬ ከዳኝና ሁለታችንም የመታጠቢያ ቤቱ ወለል ላይ ተቀመጥን። እዚያው ተቀምጬ ያቺን የረሳኋትን ዝርዝር አስታወስኳት። ጃኬቴ ኪስ ውስጥ ነበረች።

አሁን እመርጣለሁ አልኩ። ግን በምን ልምረጥ? የሚሰጡኝን መጽሔት ማንበብ አልችልም፤ ሥዕሉ ላይ ደግሞ ሽማግሌው ሁሉ ይስቃል። የራሴን ፈተና አወጣሁ። ሰላምታ ከሰጠሁ በኋላ የሸሚዜን እጅጌ እሰበስብና "ይህን እጄን እጠቡልኝ" እላለሁ።

ኖርድኤንድ ሰፈር በሚገኘው የመጀመሪያው ቢሮ ያለችው ሴትዮ "ጠጥተዋል እንዴ?" አለችኝ። ሁለተኛው ቢሮ ያለ አንድ ወጣት ኢንሹራንሱ አይፈቅድም ብሎ ኮምፒውተሩን አዞረልኝ፤ ፎቶ አሳየኝ። ሦስተኛው ከቤታችን ሁለት ፌርማታ ርቆ፣ ከባቡሩ ሐዲድ ጎን ያለ ጠባብ ቢሮ ነው። ኃላፊዋ ወፍራም ጀርመን፣ በሲጋራ የሻከረ ድምፅ ያላት ናት።

"እጅህ ቆሽሿል?" አለችኝ።

"አልቆሸሸም።"

"ታዲያ ምን ሆነህ ነው?"

"ባለቤቴን የምታጥቡ እናንተ ናችሁ። መጀመሪያ እኔን እጠቡኝ።"

ለአፍታ ዓይን ዓይኔን አየችኝ። ከዚያ ተነስታ የቢሮውን በር ዘጋች። ያኔ ልቤ ቆረጠ፤ የቀረውን ባታደርገውም እመርጣት ነበር። ሳህን ውስጥ ውሃ አምጥታ በአንጓዋ ሞከረችው። "ሞቅ ያለ ነው የምትወደው ወይስ ለብ ያለ?" አለች። አጠበችኝ፣ በጣቶቼ መሐል እንኳ አደረቀችኝ። ወንድ ወይስ ሴት ትልካላችሁ ብዬ ስጠይቃት ቀይ እስክሪብቶ አነሳችና በፋይሉ የመጀመሪያ ገጽ ላይ በትልቁ "ሴት ብቻ" ብላ በጀርመንኛ ጻፈች። ይህችን ቃል ማንበብ እችላለሁ።

ስለ ሽቱፈው ነገርኳት። ስለ ኬኩም ጭምር። አልሳቀችም። አዲስ ምርመራ አስጠየቀችልኝና "ቤቱን እንዳታጸዳ። ምንም እንዳትደብቅ" ብላ አዘዘችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ የከበደኝ ነገር የለም። አልጋው ሳይነጠፍ፣ የመጸዳጃው ወንበር መሐል ቤት ተገትሮ፣ ባለቤቴ በሌሊት ልብሷ ሆና ሰው ገባ። እሷ አሁንም ጠረጴዛውን ጨብጣ ልትነሳ ታገለች። ትከሻዋ ላይ እጄን ጫንኩ።

"ተቀመጪ" አልኳት። "እንግዳ አይደለችም።"

ሽቱፈው ሁለት ሆነ።

ወረቀቱ ሲያልቅ ኃላፊዋ ተነፈሰችና "ሠራተኛ የለኝም እንጂ። የናንተን ቋንቋ የምትናገር ጎበዝ ሴት ብታውቅ ነገውኑ እቀጥራት ነበር" አለች። ያን ዓመት ለመጀመሪያ ጊዜ ከልቤ ፈገግ ያልኩት ያኔ ነው።

የነርሷን ቤት አውቀዋለሁ። ቅዳሜ ሄጄ ኃላፊዋ ያለችውን ነገርኳት።

"አባባ፣ ጉባኤው ምን ይለኛል?" አለችኝ።

"'ሽማግሌው አሳሳቱኝ' በያቸው። እኔ እንደሆን ስሜ አንዴ ጠፍቷል።"

በወሩ ማብቂያ ከሰውየው ድርጅት ለቀቀች። እሷ ስትለቅ ሁለት ጓደኞቿም ተከተሏት። ሦስቱም እሱ ያሉት ምርጥ ሴቶች ነበሩ። ሦስት እጅ ቆረጥኩበት። ቤተሰቦቹም "ያቺ ሴት ካለችበት" እያሉ ተከትለዋት ሲሄዱ ሰማሁ። ደስ አለኝ። አልዋሽም፤ ምግብ እስኪጣፍጠኝ ድረስ ደስ አለኝ።

ሽማግሌ የላከው ያኔ ነው። ቅዳሜ ከሰዓት ሦስት የጉባኤው ሽማግሌዎች መጡ፣ እሱ ከኋላቸው። ሳሎን ገብተው በወጉ ቆሙ።

"ለዕርቅ ነው የመጣነው። እሺ ካላልከን አንቀመጥም" አለ አንዱ፣ እኩያዬ ነው።

"እንግዲያው ቁሙ" አልኩና እኔ ተቀመጥኩ።

ቆሙ። ባለቤቴ ኮሪደሩ ላይ በወንበሯ ሆና ታየናለች። ትንሽ ቆይቶ እኩያዬ ወዲያና ወዲህ ማለት ጀመረ።

"ጉልበቴን እኮ ታውቀዋለህ!"

"አውቀዋለሁ። ለዚህ ነው የሚመች ወንበር ፊት ለፊትህ ያስቀመጥኩት።"

"እንግዲህ ካሳ በል። የፈለግከውን ጠይቅ፣ እሱም እሺ ብሎ ነው የመጣው።"

"የፈለግኩትን?"

"የፈለግከውን።"

"ሸሚዙን ያውልቅና መታጠቢያ ቤት ይግባ። አጥበዋለሁ። እናንተም ተቀመጡና እዩ።"

አንዱ "ኧረ በኢየሱስ!" አለ። ሌላው ሳቁን ሳል አስመስሎ ዋጠው። ሰውየው ፊቱ ጠቆረ። ግን ቃል ሰጥቶ መጥቷል፣ ምስክሮቹ አጠገቡ ናቸው። ካላደረገው ዕርቅ የገፋው እሱ ሊሆን ነው። እያጉረመረመ ኮቱን አወለቀ፣ ከረባቱን አወለቀ፣ ሸሚዙን አወለቀ። ባለቤቴ የምትታጠብበት የፕላስቲክ ወንበር ላይ አስቀመጥኩት። በሩን ወለል አድርጌ ተውኩት። መስኮቱንም ከፈትኩት፤ ወሩ ኅዳር ነበር።

ጨርቁን ቀዝቃዛው ቧንቧ ሥር አራስኩና ማጅራቱ ላይ ለጠፍኩት።

"እህህ!" ብሎ ዘለለ። "ጋሼ፣ ቢያንስ ይንገሩኝ እንጂ!"

ስልኬን ጆሮዬ ላይ አድርጌ፣ ከማንም ጋር፣ ስለ ባቡር መዘግየት አወራሁ። ሳሙናውን ጀርባው ላይ አሸሁት። ክንዱን እንደ ዕቃ አነሳሁና ጣልኩት። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ያያሉ። ሰውየው ሳያስበው ሁለት እጁን ደረቱ ላይ አቆላለፈ። አየህ፣ አልኩ በልቤ፤ አንተም ትሸፍናለህ።

"ጊዜው አለቀ" አልኩት። ሳሙናው ገና ጀርባው ላይ አረፋ እንደሆነ ነው። የራሱ ድርጅት ወረቀት ተርፎኝ ነበር፤ አወጣሁና እስክሪብቶ ሰጠሁት። "ታጥቤያለሁ፣ ደርቄያለሁ፣ ለብሻለሁ። ፈርም።"

ክርኑ ወረቀቱ ላይ ውሃ እያንጠባጠበ ፈረመ።

ያኔ ኮሪደሩ ላይ ባለቤቴ አፏን ከፈተች። ቃል ስትፈልግ ፊቷ ሁሉ ይጨማደዳል። ሁላችንም ዞርን።

"ፎጣ" አለች።

አንድ ቃል። ጥርት ያለ። ከታመመች እንደዚያ ጥርት ብሎ የወጣላት ቃል የለም። በግራ እጇ ወደ ሰውየው አመለከተችና ደገመችው። "ፎጣ። በርዶታል።"

ሽማግሌዎቹ ዓይናቸው እንባ ሞላ። "እናታችን ይቅር አሉ!" አሉ። በማግሥቱ አዳራሹ ውስጥ በማይክ ተነገረ፣ ጭብጨባም ነበረ። ዛሬም እንደዚያ ነው የሚተርኩት።

እኔ አርባ ዓመት አብሬያት የኖርኩት እንደዚያ አልሰማኋትም። ይቅርታ የሚባል ነገር አላሰበችም። ሳሙና ጀርባ ላይ ደርቆ እንዴት እንደሚቆረቁር፣ እርጥብ ቀሚስ እንዴት እንደሚያንቀጠቅጥ ስለምታውቅ ነው። ካፖርቷን ያስለበሳት ብርድ እሱ ነው። እሷ በእነዚያ ጠዋቶች ፎጣ የሚለው ቃል አልመጣላትም ነበር። ለእሱ መጣለት። ይህን ሳስብ ቂሜ ባሰ እንጂ አልበረደም።

ፎጣዋ መንጠቆው ላይ ነበረች። አልሰጠሁትም። የወጥ ቤቱን ጨርቅ ሰጠሁት።

ነርሷ አሁንም ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ትመጣለች። በሩን ትዘጋለች፣ ውሃውን ትሞክራለች፣ "እማዬ፣ ልጀምር?" ትላለች። "እሺ" እስኪመጣ እኔ ወጥ ቤት ቆሜ እጠብቃለሁ። ማቀዝቀዣው ላይ እሱ የፈረመባት ወረቀት ተለጥፋለች። ሽማግሌዎቹ በመጡ ቁጥር አውርዳት ይሉኛል። ታርቀናል እኮ፣ ይሉኛል።

እናንተ ታርቃችኋል እላቸዋለሁ። ወረቀቷ ጥግዋ ሊላቀቅ ሲል እኔ ማጣበቂያ እጨምርባታለሁ።